ትንሿን አውሮፕላን ከጋቦዴ ስለ ማብረር

ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለችውን አውሮፕላን ከጅቡቲ አስነሥቶ አዲስ አበባ ባሳረፋት ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያዋን አውሮፕላን ተቀበለች። ስለዚህ ዛሬ በጅቡቲ ከተማ፣ በጋቦዴ፣ ቆሞ ትንሽ አውሮፕላን ለማስነሣት የሚሰናዳ ሰው፣ ሐሳቡ ወደ ታጁራም ይሁን ወደ ድሬዳዋ፣ የሀገራችን የበረራ ታሪክ ከጀመረበት ጎዳና መነሻ ላይ ቆሟል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን መመሪያ የማቀርበው በተለይ በረራን ደጋ ላይ ለተማሩና ሴስና 172ን በመሰለ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከጅቡቲ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከአምቡሊ ሜዳ፣ ለመብረር ወደ ቈላ ለሚወርዱ ሰዎች ነው። ደገኛው አብራሪ ተራራን መፍራት አስቀድሞ ያውቃል፤ ከባሕር ጠለል 15 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለውን፣ ርዝመቱም ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የአምቡሊን መንደርደሪያ ባየ ጊዜ ግን ልቡ ያርፋል፤ አደጋውም ከዚያ ዕረፍት ይጀምራል። በዚህ ምድረ በዳና በዚህ ባሕር መካከል ዓይን፣ ጆሮና ሥጋ የሚሰጡት ምስክርነት አይጸናም፤ ስለዚህ ከቤትዎ ወጥተው እስኪመለሱ ድረስ ለእያንዳንዱ ነገር ሁለተኛ ምስክር መጥራት ይገባዎታል፤ ያም ምስክር በተቻለ መጠን በቍጥር የሚናገር ይሁን።

አስቀድመው ሙቀቱን ያስሉ። አውሮፕላን የሚያውቀው የመሬቱን ከፍታ ሳይሆን የአየሩን ውፍረት ነው፤ አየር ሲግል ይሳሳል፣ የሳሳ አየርም ክንፉን የሚያነሣበት፣ ፕሮፔለሩ የሚቀዝፈው፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ይጎድለዋል። በባሕር ጠለል ላይ መደበኛ የሚባለው ሙቀት 15 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 37 ሜትር ያህል በሜዳው ከፍታ ላይ ይደምሩ። እንግዲህ በሐምሌ ወር ኸምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ከበረሓው በነፈሰና ሙቀቱ 42 ዲግሪ በደረሰ ጊዜ፣ ብልጫው 27 ዲግሪ ነውና ሒሳቡ 1,000 ሜትር ገደማ ይመጣል፤ አምቡሊ በዚያች ሰዓት ለአውሮፕላንዎ የባሕር ዳር ሜዳ መሆኗ ቀርቶ 1,000 ሜትር ከፍታ ያላት አምባ ሆናለች። ሞተሩ ከኃይሉ ዐሥር እጅ አንዱን ያህል ያጣል፣ ለመነሣት የሚሮጠው ርቀትም በሲሶ ያህል ይረዝማል። መንደርደሪያው ረጅም ነውና ምን ቸገረኝ የሚል ሰው፣ መንደርደሪያው ካለቀ በኋላ አውሮፕላኑ እንዴት እያቃሰተ እንደሚወጣ አላሰበም፤ ወደ ታጁራ ወይም ወደ ኦቦክ ሄዶ በቀትር ሲመለስም የሚነሣው ከአምቡሊ ሳይሆን ከትንሽ ሜዳ መሆኑን ዘንግቷል።

ይኸው ሒሳብ ወደ ላይ ሲወጡ ይበልጥ ይከብዳል። ድሬዳዋ 1,167 ሜትር ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት ከ7 ዲግሪ ጥቂት ብቻ ይበልጣልና፣ ቴርሞሜትሩ 33 ዲግሪ ሲያሳይ አውሮፕላኑ 2,100 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይሰማዋል። ስለዚህ ምክሬ ከጎሕ ጋር መነሣት፣ ጉዞንም ከቀትር በፊት መፈጸም ነው፤ በክረምት ቀትር ላይ መብረር ግድ ከሆነ ባለ አራት መቀመጫዋን አውሮፕላን ባለ ሁለት አድርገው ይቁጠሯት።

ማለዳ ወደ አውሮፕላኑ ሲቀርቡ ነዳጁን ከሁሉ አስቀድመው ይመርምሩ፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። በመሥሪያው ሰሌዳ ላይ ያለው የነዳጅ መለኪያ አንድ ምስክር ነው፤ ሁለተኛው በየክንፉ ሳልባቲዮ ውስጥ አጥልቀው የሚያወጡት ምልክት ያለበት ዘንግ ነው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ዘንጉን ይመኑ። ከዚያም ከእያንዳንዱ ክንፍ ሥርና ከሞተሩ ፊልትሮ በብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃን ያንሡት። የፒስተን ሞተር ነዳጅ፣ አቭጋዝ 100 ኤልኤል የሚባለው፣ ሰማያዊ ነው፤ የጄት ነዳጅ ግን ቀለም የለሽ ወይም ገለባ የመሰለ ነው። ተደባልቀዋል ብለው ከጠረጠሩ ከብርጭቆው ጥቂት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ያንጠባጥቡ፤ አቭጋዝ ተንኖ ይጠፋል፣ የጄት ነዳጅ ግን የቅባት ክብ ትቶ ይቀራል።

ውኃን በተመለከተ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎ። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ ከግራው ክንፍ ቀድቼ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሣሁት፤ ከሥሩ እንደ ዶቃ የተንከባለለ የውኃ እንክብል እንዳለ ፈለግሁ፣ ምንም አጣሁ፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ፣ ጥርት ያለ ነበር። ንጹሕ ነው ብዬ ልተወው ስል ሰማያዊነቱ ትዝ አለኝ፤ ባሸተውም የቤንዚን ሽታ የለውም። ብርጭቆው ሞልቶ የነበረው ውኃ ብቻ ነበር፤ የሚለየው ነዳጅ አብሮት ስላልነበረ ዓይኔ የድንበሩን መስመር ሊያገኝ አልቻለም። ምክንያቱን ስንመረምር ሳልባቲዮው ግማሽ ሆኖ ማደሩን፣ የክዳኑም ጓርኒሲዮን በፀሐይ ደርቆ መሰንጠቁን አገኘን፤ የባሕሩ እርጥብ አየር በሌሊት ገብቶ ከውስጥ ግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኗል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀለሙን ሳላይ፣ ሽታውንም ሳላሸት ብርጭቆ አልጥልም፤ ክብደት ካልከለከለኝም ሳልባቲዮውን ማታ ሞልቼ አሳድራለሁ። ውኃ ያገኙ እንደ ሆነ ክንፎቹን ቀስ አድርገው እየነቀነቁ፣ ንጹሕ ሰማያዊ ነዳጅ ብቻ እስኪወርድ ድረስ መቅዳትዎን አይተዉ።

ከጋቦዴ እስከ ድሬዳዋ በቀጥታ 255 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሴስና 172 ነፋስ በሌለበት አንድ ሰዓት ከሩብ ወይም ጥቂት ይበልጥ ይወስድባታል፣ በሰዓትም 32 ሊትር ገደማ ታቃጥላለች። ዓለም አቀፉ ሥርዓት በቀን በዓይን ለሚበር ሰው የ30 ደቂቃ፣ በሌሊት የ45 ደቂቃ መጠባበቂያ ነዳጅ ያዝዛል፤ እኔ ግን በዚህ አካባቢ ከአንድ ሰዓት በታች ይዞ መነሣትን አልወድም። አቭጋዝ በየሜዳው የሚገኝ ነዳጅ አይደለምና፣ ከመነሣትዎ በፊት መድረሻዎ ላይ መኖሩን በስልክ አረጋግጡልኝ ብለው ይጠይቁ።

ፍጥነትዎን የሚነግርዎ የፒቶ ቱቦ ቀዳዳው ከጣት ያነሰ ነው፤ ጭቃ የምትመርግ ተርብ በአንድ ቀን ትደፍነዋለች። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1996 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ባሕር ዳር 189 ሰዎችን ይዞ የወደቀው የቢርገን ኤር ቦይንግ 757 ጥፋቱ የተጀመረው ከተደፈነ የፒቶ ቱቦ ነበር፤ መርማሪዎቹም ከሁሉ ይልቅ የጠረጠሩት ተርብን ነው። አውሮፕላኑ በቆመ ቍጥር ቱቦውን ይሸፍኑት፤ ከመነሣትዎ በፊት ሽፋኑን አንሥተው በእጅዎ ይያዙት። በመንደርደር ላይ ሳሉ የፍጥነት መለኪያው ቀስት ካልተንቀሳቀሰ ወዲያው ያቁሙ፤ አምቡሊ ለመቆሚያ የሚሆን ርዝመት አላት።

ራስዎንም ይመርምሩ። በፀሐይ የቆመች ትንሽ አውሮፕላን ውስጧ እንደ ምድጃ ነው፤ ጥማት ከመምጣቱ በፊት ውኃ ይጠጡ፣ የተጠማ አእምሮ ሒሳብ ይስታልና። በዚህ ከተማ ከቀትር በኋላ የጫት ሰዓት የተከበረ ነው፤ የወዳጆችን ግብዣ እምቢ ማለትም ይከብዳል። ነገር ግን ጫት መጀመሪያ ድፍረትን ይሰጣል፣ ኋላም እንቅልፍ ነሥቶ ልቡናን ያደክማል፤ ሁለቱም ለአብራሪ መርዝ ናቸው። የቃመ ሰው፣ ማታ የቃመም ቢሆን፣ ያለ በቂ እንቅልፍ ወደ አውሮፕላን አይቅረብ።

የበረራ ዕቅድ ሲጽፉ ሰዓትን በሚመለከት አንድ ወጥመድ አለ፤ ከመንደርደሪያ ይልቅ በወረቀት ላይ ብዙ ሐበሻን የሚያሰናክል ነው። አዲስ አበባ ላለው ወዳጅዎ «ጠዋት 3 ሰዓት እነሣለሁ» ይሉታል፤ ያችው ሰዓት በጋቦዴ ሰው አቈጣጠር 9 ሰዓት ናት፤ በበረራ ዕቅድ ላይ ደግሞ፣ የዓለም አብራሪዎች ሁሉ በሚስማሙበት ሰዓት፣ 06:00 ተብላ ትጻፋለች። በወረቀቱ ላይ 03:00 ብለው ከጻፉ መነሻዎን ሦስት ሰዓት አስቀድመው አውጀዋል፤ ሳይደርሱ የሚፈልግዎት ሰው ይነሣል፣ የተሰጠዎትም ፈቃድ ጊዜው ያልፋል። ሦስቱንም አቈጣጠር ጎን ለጎን ጽፈው ካዩ በኋላ ብቻ ወረቀቱን ይስጡ። ድንበር የሚያልፉ ከሆነ የሁለቱን መንግሥታት የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ አስቀድመው ያግኙ፣ ለአብራሪዎች የሚወጣውንም ማስታወቂያ፣ ኖታምን፣ ያንብቡ።

ማስታወቂያውን ማንበብ እዚህ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ አምቡሊ የመንገደኞች ሜዳ ብቻ አይደለችምና። የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የጃፓን ጦር በሜዳው ዙሪያ ሰፍሯል፤ ተዋጊ ጄት፣ ሄሊኮፕተርና ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን በዚያው መንደርደሪያ ይነሣሉ፣ ሰው አልባዎቹ አውሮፕላኖችም እ.ኤ.አ. በ2013 ከከተማው ወደ ደቡብ ምዕራብ ወዳለው ወደ ሻበሌ ሜዳ ተዛውረዋል። ከግዙፍ አውሮፕላን ክንፍ ጫፍ የሚወጣው ዐውሎ ለዓይን አይታይም፣ ትንሿን አውሮፕላን ግን ይገለብጣታል፤ ከተመሳሳዩ ቦታ ከተነሡ 2 ደቂቃ፣ ከመንደርደሪያው መካከል ከተነሡ 3 ደቂቃ ይጠብቁ። ማማው ቶሎ ቢፈቅድልዎም «እጠብቃለሁ» ማለት መብትዎ ነው። በሬድዮ የታዘዙትን ቃል በቃል ይድገሙ፤ ያልገባዎትን እንደ ገባዎት አድርገው አይለፉ።

ከመነሣትዎ በፊት ሞተሩን ሲፈትሹ ማኜቶዎቹን አንድ በአንድ ያጥፉ። በሴስና 172 ኤን መጽሐፍ መሠረት በ1,700 ዙር ላይ አንዱ ሲጠፋ የሚቀንሰው ከ125 ዙር፣ የሁለቱም ልዩነት ከ50 ዙር መብለጥ የለበትም፤ ለእርስዎ አውሮፕላን የተጻፈውን ቍጥር ከራሷ መጽሐፍ ይውሰዱ። ብዙ ሰው ዙሩ ምንም ሳይቀንስ ሲቀር ሞተሩ ብርቱ ነው ብሎ ይደሰታል፤ ይህ ግን ማኜቶው በእውነት እንዳልጠፋ፣ ሽቦውም እንደ ተበጠሰ ሊያመለክት ይችላል፤ እንደዚህ ያለ ሞተር ቍልፉ ወጥቶ ሳለ ፕሮፔለሩን በእጁ ያንቀሳቀሰን ሰው ሊገድል ይችላልና አቁመው መካኒክ ይጥሩ። ደጋ ላይ የተማረ ሰው ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ቀዩን የቅይጥ እጀታ መሳብ ለምዷል፤ አምቡሊ ላይ ግን፣ መጽሐፉ ሌላ ካላዘዘ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይግፉት፣ ነዳጅ ያነሰው ሞተር በዚህ ሙቀት ይቃጠላልና።

ባሕሩን ስለ መሻገር። ሞተሩ የጠፋባት ሴስና 172 ከወረደችው ከፍታ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ወደ ፊት ትንሳፈፋለች። ከጋቦዴ እስከ ታጁራ በቀጥታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መካከሉ ከየትኛውም ዳር 20 ኪሎ ሜትር ነውና፣ ወደ አንዱ ለመድረስ ቢያንስ 2,200 ሜትር ከፍታ ያስፈልጋል፣ ነፋስ ከፊት ከመጣም ይህ አይበቃም። ስለዚህ ከፍታውን የብሱ ላይ ሳሉ ይውጡት፤ ውኃውን ወደ ላይ እየወጡ አይሻገሩ። ወይም፣ እኔ እንደማደርገው፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ በአርታና በጉቤት በኩል ይዙሩ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ከመቀመጫ ጀርባ ተቀምጦ አያድንም፤ ሳይነፋ በአካልዎ ላይ ይታሰር፣ ከአውሮፕላኑ ሳይወጡም አይንፉት፣ የተነፋ ጃኬት ሰውን ከጣራው ጋር አጣብቆ ያስቀራልና።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። በክረምት ቀን አቧራ ተነሥቶ ሰማይና ባሕር አንድ ዓይነት ነጭ ግራጫ ሲሆኑ፣ በሌሊትም ከከተማው መብራት አልፎ ጨለማው ሁሉ ወጥ ሲሆን፣ አድማስ የሚባል ነገር ይጠፋል። ያን ጊዜ በውስጥ ጆሮአችን ያለው ሚዛን፣ አውሮፕላኑ ዘንብሎ ቁልቁል ሲሄድ ቀጥ ብለን እንደምንበር ይመሰክርልናል፤ ሐሰቱንም በፍጹም እምነት ይናገራል። የካቲት 10 ቀን 2004 ዓ.ም. በሌሊት አንዲት የአሜሪካ አየር ኃይል ዩ-28ኤ፣ እርሷም ግለሰቦች የሚገዟት የፒላቱስ ፒሲ-12 ወታደራዊ ዓይነት ናት፣ ወደ አምቡሊ ስትመለስ ከሜዳው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ወደቀች፤ በውስጧ የነበሩት አራት ሰዎች ሞቱ። የምርመራው ሰነድ ምክንያቱ አብራሪዎቹ ሳያውቁት የአቅጣጫ ስሜታቸው መሳሳቱ እንደ ነበር፣ አውሮፕላኗም «እየወረድክ ነው፣ ወደ ላይ ሳብ» ብላ በድምፅ ስታስጠነቅቅ እንዳልታረሙ ይገልጻል። እነዚህ የተሟላ መሣሪያና ሥልጠና የነበራቸው ወታደሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የመሣሪያ ሥልጠና የሌላቸው 20 አብራሪዎች ውጭውን እንዳያዩ ተደርገው ሲፈተኑ፣ አውሮፕላኑን ከቍጥጥራቸው ያወጡት በአማካይ በ178 ሰኮንድ ነበር፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ስለዚህ አድማሱ ደበዘዘ ብለው በጠረጠሩበት ቅጽበት ይህን ያድርጉ። ዓይንዎን ከመስኮቱ አንሥተው በሰው ሠራሹ አድማስ ላይ ያድርጉ፤ ክንፎቹን ያስተካክሉ፤ ከፍታ መለኪያው ቆሞ መሆኑን ይመልከቱ። ቀጥሎ በለሆሳስ፣ አንድ ደቂቃ በሚፈጅ መዞር፣ 180 ዲግሪ ዞረው ወደ መጡበት ብርሃን ይመለሱ። አንገትዎን በድንገት አያጠምዙ፣ ወደ ወለሉም ጎንበስ ብለው የወደቀ እርሳስ አይፈልጉ። ሥጋዎ «ዘንብለሃል» ብሎ ይጮኻል፤ ሰው ሠራሹ አድማስ፣ ከፍታ መለኪያውና የፍጥነት መለኪያው ሦስቱ ከተስማሙ ግን ሥጋዎን አይስሙት። የመሣሪያ ሥልጠና የሌለው ሰው በዚህ ባሕር ላይ በሌሊት ባይበር ይሻለዋል።

ወደ ሜዳው ሲወርዱ በቈላ ስላለ በረዶ ልናገር ነው፤ አይደነቁ። በኅዳርና በጥር መካከል የጋቦዴ አየር 25 ዲግሪ ያህል ሆኖ በባሕሩ እርጥበት የተሞላ ነው፤ በካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ ነዳጁ ሲተንና አየሩ ሲጠብብ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ስለሚችል፣ እርጥበቱ በዚያ ይረጋል፤ ይህም የሚብሰው ጋዝ ተቀንሶ በሚወረድበት ጊዜ ነው። ጋዝ ከመቀነስዎ በፊት የካርቡራተሩን ማሞቂያ ሙሉ በሙሉ ይሳቡ። መሬት ላይ በአቧራ ውስጥ ግን አያስረዝሙት፣ በማሞቂያው በኩል የሚገባው አየር በፊልትሮ አያልፍምና።

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አእዋፍ ከዐረብ ምድር በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ አፍሪካ ይሻገራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው በዚያ የተቈጠሩት ንስሮችና ጭልፊቶች ከ240,000 በላይ ነበሩ። በዚህ ወራት በኦቦክ በኩል በቀትር ዝቅ ብለው አይብረሩ፤ ንስር ሲገጥምዎ ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ይጠልቃልና እርስዎ ወደ ላይ ይውጡ። የአሳል ሐይቅን ለማየት የሚሄዱ ከሆነም፣ ዳሩ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር በታች ነውና ከፍታ መለኪያዎ ከዜሮ በታች ሊወርድ እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ፤ ያን ጊዜ መሣሪያው ተበላሸ ብለው እንዳይጠራጠሩ።

ጥገናን በተመለከተ የጋቦዴ ጠላት ጨው ነው። አውሮፕላኑን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ በጨው አልባ ውኃ ይጠቡ፣ የፒቶውንና የጎኑን ቀዳዳዎች አስቀድመው ይሸፍኑ፣ ሲጨርሱም ሽፋኑን ያንሡ። በአሉሚኒየም ላይ ነጭ ዱቄት፣ ከቀለም ሥርም እብጠት ካዩ ዝገቱ ተጀምሯልና ሳይውል ሳያድር መካኒክ ያሳዩ። የመሪውን ገመዶች በጥጥ ጨርቅ እየያዙ ከዳር እስከ ዳር ያሹ፤ የተበጠሰች አንዲት ቀጭን ክር ጥጡን ትይዘዋለች፣ በዓይን የማትታየዋን ጨርቁ ያገኛታል። የሞተሩን ዘይት በ50 ሰዓት ወይም በአራት ወር፣ ከሁለቱ በቀደመው ይቀይሩ፤ አቧራ በበዛበት ወራት ከዚያም ያፍጥኑት። የወጣውንም ፊልትሮ አስቀድደው ውስጡን በማግኔት ይመልከቱ። ሳይበር የሚቀመጥ ሞተርን መሬት ላይ ብቻ አስነሥቶ ማጥፋት ያጠፋዋል እንጂ አያድነውም፤ ዘይቱ ግሎ ውኃውን የሚያተንነው በአየር ላይ ሲበር ነው። በጥገናው መዝገብ ላይ ቀኑ በየትኛው አቈጣጠር እንደ ተጻፈ ይጥቀሱ፤ «2016» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ምርመራ ለሌላው ሰው ከሀገራችን ሰው ዘመን ብዙ ዓመት የቀደመ ይመስላል።

ሲያርፉ አውሮፕላኑን በሦስት ገመድ ያስሩ፣ መሪውን ይቈልፉ፣ ቱቦውን ይሸፍኑ፣ መስታወቱን ከፀሐይ ይከልሉ፤ የሚያጸዱትም በደረቅ ጨርቅ ወይም በቤንዚን ሳይሆን በውኃና በለስላሳ ጥጥ ነው። የበረሩበትን ሰዓትና ያቃጠሉትን ነዳጅ ዘንጉ ከነገረዎት ጋር አነጻጽረው ይጻፉ። ያረፉትም ማማ በሌለበት በታጁራ ወይም በኦቦክ ሜዳ ከሆነ፣ ጥላ ሳይፈልጉ፣ ሻይም ሳያዝዙ፣ መጀመሪያ ወደ አምቡሊ ደውለው «ደርሻለሁ፣ የበረራ ዕቅዴ ይዘጋ» ይበሉ።